ያልፈሩት ሲደርስ

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ግን አባባሉ ስላልሠራበት ከተማ ነው። እዚያ የፈሩት ሳይደርስ ቀርቶ ያልፈሩት ደርሷል፤ ያውም አንዴ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ። ከተማው የአሜሪካ ዋና ከተማ ዋሺንግተን ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ታሪኩ የነሱ ነውና በነሱው ይሁን።

ኦገስት 28 ቀን 1963 ረቡዕ ይውላል። ለዚያ ቀን ጥቁር አሜሪካውያን «ሥራና ነፃነት» ብለው በዋና ከተማቸው ሰልፍ ሊወጡ ቀጠሮ ይዘዋል። ሰልፉን የጠሩት አንጋፋው የሠራተኛ ማኅበር መሪ ኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ ነበሩ። ዝግጅቱን ከአውቶቡስ ቁጥር እስከ መጸዳጃ ቤት ድረስ ቆጥረው ያሰናዱት ደግሞ ቤያርድ ረስቲን ናቸው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ መጀመሪያ ላይ ሐሳቡን አልወደዱትም። የሲቪል መብት ረቂቅ ሕጋቸው ኮንግረስ ፊት ነበርና «ጊዜው አይደለም» ብለው ሊያስቀሩት ሞከሩ። ሰልፉ እንደማይቀር ሲያውቁ ግን አብረው ማዘጋጀቱን መረጡ። በድርድርም ሰልፈኛው ወደ ምክር ቤቱ ሕንጻ፣ ወደ ካፒቶል፣ እንዳይጠጋና ከሊንከን መታሰቢያ ፊት እንዲሰበሰብ፣ ሳይመሽም ከከተማ እንዲወጣ ተስማሙ።

ስምምነቱ እንዲህ ይሁን እንጂ የከተማይቱ ዝግጅት የጦርነት ዝግጅት ነበር። የመጠጥ ሽያጭ ታገደ፤ አልኮል በሕግ ከተከለከለበት ዘመን ወዲህ እንዲህ ያለ እገዳ ሲታወጅ የመጀመሪያው ነው። ሆስፒታሎች አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና ሰርዘው ለቁስለኛ አልጋ አዘጋጁ። የቤዝቦል ጨዋታዎች ለሌላ ቀን ተላለፉ። ብዙ ነጋዴ ሱቁን ዘጋ። በሺዎች የሚቆጠሩ ፖሊሶችና የናሽናል ጋርድ አባላት ጎዳናው ላይ ተሰማሩ። ይህ አልበቃ ብሎ ፔንታጎን በከተማይቱ ዙሪያ 19 ሺህ ወታደር በተጠንቀቅ አቆመ። ከሁሉ የሚገርመኝ የድምፅ ማጉያው ነገር ነው። ከመድረኩ የሚወጣው ንግግር ጋል ያለ እንደሆነ፣ የመንግሥት ሰዎች ማጉያውን ከሰልፈኛው ነጥቀው በምትኩ የማህሊያ ጃክሰንን የመዝሙር ሸክላ ሊያጫውቱ አሰናድተው ነበር። ማህሊያ ጃክሰን ራሳቸው በዚያው መድረክ ላይ ሊዘምሩ ተጋብዘው ሳለ!

ሰልፉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ኦገስት 25፣ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮይ ዊልኪንስ ቴሌቪዥን ላይ ቀረቡ። ጠያቂው ያነሱባቸው ጉዳይ የሥራም የነፃነትም ጉዳይ አልነበረም። ከመቶ ሺህ በላይ ጥቁር አንድ ከተማ ውስጥ ተሰብስቦ እንዴት ያለ ብጥብጥ ሊመለስ ይችላል የሚል ነበር። «ይችላል ወይ?» ቢባል ጥያቄ ነው። «እንዴት ይችላል?» ሲባል ግን መልሱ አስቀድሞ ተሰጥቷል።

ቀኑ ደረሰ። 250 ሺህ ሰው መጣ። ከመካከሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነጮችም ነበሩበት። ብዙዎቹ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ልክ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው ነው የመጡት። ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን በጎ ፈቃደኞች ሌሊቱን 80 ሺህ የምሳ ሣጥን በቺዝ ሳንድዊች ሞልተው ጭነውላቸዋል። ሰልፈኛውን ያስተናበሩት ረስቲን ያሠለጠኗቸው አስተባባሪዎች ነበሩ። ሕዝቡ ዘመረ፣ ንግግር ሰማ፣ እግሩን የተፋሰሱ ውኃ ውስጥ ነክሮ ተናፈሰ፤ ሲመሽ ወደ አውቶቡሱ ገባ። ያ ሁሉ የተፈራው ብጥብጥ አልመጣም። 19 ሺው ወታደርም ከቆመበት ሳይነቃነቅ ወደ ሰፈሩ ተመለሰ።

«ታዲያ ምን ይጠበስ? መጠንቀቅ ነውር ነው እንዴ?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። አይደለም። ሩብ ሚሊዮን ሰው የሚገባበት ከተማ ቢጠነቀቅ የሚገርም ነገር የለውም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ያች ከተማ የፈራችው ምንን ነው? ብዙ ሕዝብን ነው ወይስ የተወሰነ ሕዝብን?

ለዚህ ሁለት ቀኖችን ላስታውስ። አንደኛው ከሰልፉ 38 ዓመት በፊት ነው። ኦገስት 8 ቀን 1925 የኩ ክሉክስ ክላን አባላት በአሥር ሺዎች ሆነው፣ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ከካፒቶል በሚወርደው በፔንሲልቬንያ ጎዳና ላይ ተምመዋል። ክላን ምን እንደሆነ ማንም ያውቅ ነበር፤ ሰው በመግረፍ፣ በማቃጠልና በመስቀል ስሙ የገነነ ድርጅት ነው። እነሱ ግን ፈቃድ ተሰጣቸው። የተጣለባቸው ግዴታ ፊታቸውን እንዳይሸፍኑ ነበር፤ እነሱም ፊታቸውን ገልጠው፣ ደረታቸውን ነፍተው አለፉ።

ሁለተኛው ቀን እኛንም ይነካል። ከ1963ቱ ሰልፍ አምስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ኦክቶበር 1፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋሺንግተን ገቡ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዩኒየን ስቴሽን ባቡር ጣቢያ ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው። በዚያው በፔንሲልቬንያ ጎዳና፣ ግራና ቀኝ በተሰለፈ ሕዝብ መካከል አብረው አለፉ። ጥቁር ንጉሥ፣ ብዙ ሕዝብ፣ ያችው ከተማ! መጠጥ ቤት ተዘጋ፣ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ሰረዘ የሚል ነገር አልሰማንም። እንግዲህ ከተማይቱ ያስፈራት ጥቁርነት ብቻውን አልነበረም፤ የሕዝብ ብዛትም ብቻውን አልነበረም። ያስፈራት ጥቁር ሆኖ፣ ብዙ ሆኖ፣ የሚጠይቅ ሰው ነው። እንግዳ ሆኖ ከመጣ ምንጣፍ ይነጠፍለታል። መብቴን ብሎ ከመጣ ወታደር ይቆምለታል።

ወደ ጽሑፉ ልግባ። ማስጠንቀቂያ ማለት ለኔ በመጀመሪያ ጽሑፍ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን የማሰለችበት አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ «ይህን ዓረፍተ ነገር የሚናገረው ማነው? ለማን ነው የሚናገረው?» ልብ ወለድ ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። የደኅንነት መሥሪያ ቤት ማስታወሻ ላይ ግን ይበልጥ ሊጠየቅ የሚገባው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ልብ ወለድ ወታደር አያንቀሳቅስም።

በ1963 የኤፍ.ቢ.አይ. አለቃ ጄ. ኤድጋር ሁቨር ነበሩ። ከሳቸው ሥር የአገር ውስጥ ስለላውን ክፍል የሚመሩት ዊልያም ሱሊቫን ይባላሉ። ሰልፉ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ኦገስት 23፣ የሱሊቫን ክፍል 67 ገጽ የያዘ ጥናት ለአለቃው አቀረበ። ጥናቱ የኮሙኒስት ፓርቲ የጥቁሮችን ትግል ለመጥለፍ ለብዙ ዓመታት ቢሞክርም እንዳልተሳካለት፣ ተፅዕኖውም እዚህ ግባ የማይባል እንደሆነ ይገልጻል። ማስረጃውን የሰበሰቡት ራሳቸው የኤፍ.ቢ.አይ. ሰዎች ናቸው። ሁቨር ግን አልወደዱትም። ጥናቱን ፊደል ካስትሮ ኩባን ሲይዙ «ኮሙኒስት አይደሉም» ተብሎ ከቀረበላቸው ሪፖርት ጋር አመሳስለው፣ በሽሙጥ መለሱት።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚያሳዝነው። ሱሊቫን ሌላ ማስረጃ አላገኙም። የተለወጠው የአለቃቸው ፊት ብቻ ነው። በሰባተኛው ቀን፣ ኦገስት 30፣ አዲስ ማስታወሻ ጻፉ። ተሳስተናል፣ ዳይሬክተሩ ልክ ነበሩ አሉ። በመካከሉ የተካሄደውን የዶክተር ኪንግን ንግግር ጠቅሰው፣ ከኮሙኒዝምም ከአገር ደኅንነትም አንጻር ከዚህ በኋላ በአገሪቱ እጅግ አደገኛው ጥቁር ኪንግ ናቸው ብለው ደመደሙ። ሩብ ሚሊዮን ሰው ቀኑን ሙሉ ያላንዳች ብጥብጥ ውሎ ወደቤቱ ገብቷል። ይህ የሰላም ማስረጃ መሆን ሲገባው የአደጋ ማስረጃ ሆኖ ተጻፈ። ይህን ያህል ሰው በሰላም ሰብስቦ በሰላም መበተን የሚችል ሰው የበለጠ ያስፈራል መሆኑ ነው! በኦክቶበር ወር የፍትሕ ሚኒስትሩ ሮበርት ኬኔዲ የኪንግ ስልክ እንዲጠለፍ ፈቀዱ። ይህን ሁሉ በይፋ ያወቅነው በሴናተር ፍራንክ ቸርች የሚመራው የሴኔት ኮሚቴ በ1975 እና በ1976 መዝገቡን ካስከፈተ በኋላ ነው።

ልብ በሉ፤ አንድ ማስጠንቀቂያ እንዲህ ተደርጎ ነው የተሠራው። ወሬ ተሰብስቦ፣ ተመዝኖ፣ ከዚያ ድምዳሜ አልመጣም። ድምዳሜው አስቀድሞ አለቃው ልብ ውስጥ ነበር፤ ማስረጃው ወደ ድምዳሜው እስኪጠጋ ድረስ ጽሑፉ ተመላለሰ። ሱሊቫን ክፉ ሰው ስለነበሩ ነው ማለት ቀላል ነው፤ እኔ ግን ከክፋታቸው ይልቅ ቢሮክራትነታቸው ነው የሚታየኝ። ደመወዝ አላቸው፤ እድገት ይጠብቃሉ፤ የአለቃን ፊት ማንበብ ያውቃሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ለማግኘት ዋሺንግተን ድረስ መሄድ አያስፈልገንም።

ሁሉም ዓይን ወደ ኪንግ ዞሮ ሳለ አደጋው ሌላ ቦታ ይሰናዳ ነበር። አላባማ ውስጥ በርሚንግሃም የምትባለው ከተማ የጥቁሮች ቤትና ቤተ ክርስቲያን በተደጋጋሚ በፈንጂ ስለሚጋይ «ቦምቢንግሃም» የሚል ቅጽል ወጥቶላት ነበር። ይኸ የአደባባይ ምሥጢር ነው። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1963፣ እሑድ ጠዋት፣ በዚያች ከተማ በአሥራ ስድስተኛው ጎዳና ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የክላን አባላት ያስቀመጡት ዲናሚት ፈነዳ። አራት ልጃገረዶች ሞቱ፤ ሦስቱ የ14፣ አንዷ የ11 ዓመት ልጆች ነበሩ። ከዋሺንግተኑ ሰልፍ 18 ቀን በኋላ መሆኑ ነው።

ኤፍ.ቢ.አይ. ተጠርጣሪዎቹን በ1965 ለይቶ ነበር። ሁቨር ግን ጉዳዩ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አልፈቀዱም። የመጀመሪያው ወንጀለኛ የተፈረደበት በ1977 ነው፤ የቀሩት ሁለቱ በ2001 እና በ2002። ከፍንዳታው እስከ መጨረሻው ፍርድ 39 ዓመት ማለት ነው። ለኪንግ ስልክ መጠለፍ ግን ስድስት ሳምንት በቃ።

ይህን ስጽፍ «ያ የድሮ ታሪክ ነው፤ ሁቨርም ሞተዋል፤ ጥቁር ፕሬዚዳንትም ተመርጧል» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። መልካም፤ ወደ ቅርቡ እንምጣ። አፕሪል 2009፣ ባራክ ኦባማ ሥልጣን በያዙ በሦስተኛው ወር፣ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ሆምላንድ ሴኩሪቲ የሚሉት፣ አንድ ማስጠንቀቂያ አወጣ። የኢኮኖሚው ቀውስና የጥቁር ፕሬዚዳንት መመረጥ ለነጭ ቀኝ አክራሪዎች መመልመያ ሊሆን እንደሚችል፣ ከጦር ሜዳ የሚመለሱ ወታደሮችንም ሊያጠምዱ እንደሚሞክሩ የሚገልጽ ነበር። ፖለቲከኞችና የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ተንጫጩ። ሚኒስትሯ ይቅርታ ጠየቁ። ጽሑፉ ተሰበሰበ፤ የጻፈውም ክፍል እየተመናመነ ሄደ። ያ ማስጠንቀቂያ የቀረው ማስረጃው ተመዝኖ ስለቀለለ አልነበረም፤ የተጠቀሱት ሰዎች የሚቆጡላቸው ስላሏቸው ነው።

አሁን ስምንት ዓመት እንዝለል። ኦገስት 3 ቀን 2017 ኤፍ.ቢ.አይ. አንድ የውስጥ ግምገማ ጻፈ። «የጥቁር ማንነት አክራሪዎች» የሚል፣ ከዚያ በፊት ማንም ራሱን ጠርቶበት የማያውቅ ስም ፈጥሮ፣ እነዚህ ሰዎች ፖሊሶች ላይ ጥቃት ሊያደርሱ ይችላሉ ይላል። ነገሩ ከባዶ ሜዳ የተነሣ ነው አልልም። በጁላይ 2016 ዳላስ ውስጥ አንድ ጥቁር የቀድሞ ወታደር አምስት ፖሊሶችን ገድሏል፤ በዚያው ወር ባተን ሩዥ ላይ ሌላው ሦስት ገድሏል። ይህ እውነተኛ ደም ነው፤ ሊጠና ይገባዋል። ግን ግምገማው እርስ በርስ የማይተዋወቁ፣ ድርጅትም መሪም የሌላቸውን ጥቂት ግለሰቦች ሰብስቦ አንድ «እንቅስቃሴ» አደረጋቸው። በፖሊስ ጥይት ልጁን ያጣና አደባባይ የወጣ አባት የት ላይ ከዚህ ስም ውጭ እንደሚሆን ጽሑፉን ያነበበ ፖሊስ በምን ያውቃል? የአንድ ሰው ወንጀል የቀለሙን ሁሉ ስም ይዞ መጣ። መሥሪያ ቤቱ በ2019 ይህን ስያሜ መጠቀም እንዳቆመ ለምክር ቤት አስታወቀ።

ያ ግምገማ በተጻፈ በዘጠነኛው ቀን፣ ኦገስት 12፣ የነጭ የበላይነት አቀንቃኞች ቻርለትስቪል ከተማ ተሰበሰቡ። በዋዜማው ሌሊት ችቦ አብርተው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ዞረዋል። በማግስቱ ከመካከላቸው አንዱ መኪናውን ተቃዋሚዎቻቸው ላይ ነድቶ አንዲት የ32 ዓመት ሴት ገደለ፤ ብዙዎችን አቆሰለ።

እዚህ ላይ ሚዛኑን ልጠብቅ። ስለ ነጭ አክራሪዎች አልተጻፈም ካልኩ እዋሻለሁ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ኤፍ.ቢ.አይ. እና ሆምላንድ ሴኩሪቲ በጋራ ባወጡት ጽሑፍ፣ ከ2000 እስከ 2016 ባለው ጊዜ የነጭ የበላይነት አክራሪዎች በ26 ጥቃቶች 49 ሰው እንደገደሉ፣ ይህም ከየትኛውም የአገር ውስጥ አክራሪ ቡድን እንደሚበልጥ ቆጥረው አስቀምጠዋል። ከቻርለትስቪሉ ቀን ጥቂት ቀደም ብሎም እንዲህ ያሉ ሰልፎች ደም ሊያፈሱ እንደሚችሉ የሚገልጽ ጽሑፍ ወጥቷል። ወረቀቱ ነበረ። እንግዲህ አድልዎው የሚኖረው ወረቀቱ ላይ ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱን በሚቀበለው ሰው ጆሮ ውስጥም ነው። አንዱ ማስጠንቀቂያ ገና ሳይረጋገጥ ወታደር ያንቀሳቅሳል፤ ሌላው በቁጥር ተደግፎ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል። «ሰሚ ያጣ ጩኸት» የምንለው ይኸን ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ 2020 መጣ። ጆርጅ ፍሎይድ ሚኒያፖሊስ ውስጥ በፖሊስ ጉልበት ሥር ከሞቱ በኋላ አሜሪካ በሰልፍ ተጥለቀለቀች። ሰልፎቹን ሲቆጥር የነበረ የግጭት ጥናት ተቋም ከሜይ መጨረሻ እስከ ኦገስት ከተካሄዱት ከ93 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሰላማዊ እንደነበሩ አስታውቋል። በቀሩት ሱቅ ተቃጥሏል፣ ሰው ተጎድቷል፤ ይህም አይካድም። ዋሺንግተን ግን ለሁሉም የተዘጋጀችው ለሰባቱ መቶኛ በሚሆን ልክ ነው። ጁን 1 ቀን ከዋይት ሃውስ ፊት ያለው አደባባይ በጭስና በዱላ ተጠረገ። ሌሊት ሄሊኮፕተር ከሰልፈኛው አናት ላይ ዝቅ ብሎ በነፋሱ አባረረው። ከዋሺንግተንና ከ11 ክፍለ ግዛቶች የተውጣጣ 5 ሺህ ገደማ የናሽናል ጋርድ ኃይል ከተማዋ ውስጥ ተሰማራ። በሊንከን መታሰቢያ ደረጃዎች ላይ፣ ኪንግ በቆሙበት ቦታ፣ ወታደሮች በረድፍ ቆመው የሚያሳየውን ፎቶግራፍ ያየ አይረሳውም።

ሰባት ወር አለፈ። ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ኮንግረስ የምርጫውን ውጤት የሚያጸድቅበት ቀን ነበር። ተሸናፊው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ደጋፊዎቻቸውን ጠርተዋል። የሚመጡትም ሰዎች ምን እንደሚያስቡ አልደበቁም፤ ለወራት በግልጽ ሲጽፉት ነበር። ሦስት ቀን ሲቀረው የካፒቶል ፖሊስ የራሱ የስለላ ክፍል፣ የዚህ ቀን ዒላማ እንደ ቀድሞዎቹ ሰልፎች ተቃራኒ ሰልፈኛ ሳይሆን ኮንግረስ ራሱ ሊሆን ይችላል ብሎ ጻፈ። በዋዜማው የኤፍ.ቢ.አይ. የኖርፎክ ቢሮ፣ ሰዎች ለ«ጦርነት» እንደሚዘጋጁ፣ የካፒቶልን የምድር ውስጥ መተላለፊያ ካርታም እየተቀባበሉ እንደሆነ አስተላለፈ። ለከተማው የተፈቀደው የናሽናል ጋርድ ኃይል ስንት ነበር? 340። ለምን ሥራ? ትራፊክ ለማስተናበርና የባቡር ጣቢያ ሰው ለመቆጣጠር። ለጁን 5 ሺህ፣ ለጃንዋሪ 340!

ሕዝቡ ከዋይት ሃውስ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ካፒቶል ተመመ፤ ብዙው የሄደው ክላን በ1925 በተሰለፈበት፣ ጃንሆይ በ1963 ባለፉበት በዚያው በፔንሲልቬንያ ጎዳና ነው። በ1963 ሰልፈኛው እንዳይጠጋው በድርድር የታገደውን ሕንጻ መስኮት ሰብሮ ገባ። 140 ያህል ፖሊሶች ተጎዱ። የሕዝብ ተወካዮች ጠረጴዛ ሥር ተኙ። በማግስቱ ተመራጩ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን፣ እነዚህ ሰዎች ለጥቁሮች ሕይወት የወጡ ሰልፈኞች ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ ይደረግላቸው ነበር የሚለኝ ማንም የለም ሲሉ ብዙው ሰው የሚያስበውን ተናገሩ።

በኋላ በ2021 እና በ2023 ሴኔቱ ባወጣቸው ሪፖርቶች ላይ ጉዳዩ ተመርምሯል። ቀለም ብቻ ነው ምክንያቱ ማለት እንደማይቻል እቀበላለሁ። የመሥሪያ ቤቶች አለመናበብ ነበረ። የሥልጣን ሽኩቻ ነበረ። የሆምላንድ ሴኩሪቲ ተንታኞች በ2020 በጋ ፖርትላንድ ላይ ከልክ በላይ ሰልለዋል ተብለው ከተወቀሱ በኋላ እጃቸውን ሰብስበው ነበር። የመናገር ነፃነትን እንዳንነካ ፈራን ያሉም አሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ የመናገር ነፃነት በጃንዋሪ የታወሰው በጁን ለምን አልታወሰም? አንዱ ሲቆጣ «ሐሳቡን እየገለጸ ነው»፣ ሌላው ሲቆጣ «ሊያቃጥል ነው» የሚያሰኘው መዝገበ ቃላት የት ነው የተጻፈው?

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው ካለ፣ ልጆቻችን የሚኖሩት የት እንደሆነ ያስብ። ዋሺንግተንና አካባቢዋ በውጭ ካሉ ከተሞች ሁሉ ኢትዮጵያዊ በብዛት ከሰፈረባቸው አንዷ ናት። እዚያ የተወለደ ልጅ አደባባይ ቢወጣ፣ ማስጠንቀቂያውን የሚጽፈው ሰው አባትህ ከጎንደር ነው ከሐረር ብሎ አይጠይቀውም። ያየው ቀለሙን ነው፤ የሚመድበውም እዚያው ነው። እስራኤልም ያሉ ወገኖቻችን ይህን ያውቁታል። በ2015 አንድ ቤተ እስራኤላዊ ወታደር የደንብ ልብሱን እንደለበሰ በፖሊስ ሲደበደብ በካሜራ ተቀረጸ። በ2019 የ18 ዓመት ወጣት ከሥራ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ተገደለ። ሁለቱም ጊዜ ልጆቻችን አደባባይ የወጡት በጥርጣሬ መታየት ሰልችቷቸው ነው።

እኛም ብንሆን «የጸጥታ ስጋት» የሚለውን ቃል ከሬዲዮ ስንሰማ አድገናል። ቃሉ ሲነገር «ምን አደረጉ?» ብለን ጠይቀን እናውቃለን ወይስ «እነማን ናቸው?» ብለን? እውነቱን ለመናገር ሁለተኛውን ነው የምናስቀድመው። የሰዎቹን ማንነት ስንሰማ ያደረጉትን የምናውቀው ይመስለናል። ሁቨር ቢሮ ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው። እዚያ መለኪያው የቆዳ ቀለም ነበረ፤ ሌላ ቦታ ሌላ ይሆናል። አሠራሩ ግን አንድ ነው።

ጥሩ ማስጠንቀቂያ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ቀላል ናቸው። እነዚህ ሰዎች ምን እናደርጋለን አሉ? ከዚህ በፊት ምን አደረጉ? እጃቸው ላይ ምን ይዘዋል? በ1963 እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ስለ ዋሺንግተኑ ሰልፈኛ ቢጠየቁ መልሱ «ሥራና ነፃነት እንጠይቃለን አሉ፤ ተደበደቡ እንጂ አልደበደቡም፤ ሳንድዊች ይዘዋል» የሚል ይሆን ነበር። ስለ በርሚንግሃሙ ክላን ቢጠየቁ መልሱ «እናጠፋችኋለን አሉ፤ ደጋግመው አፈነዱ፤ ዲናሚት ይዘዋል» ነው። በ2021 ቢጠየቁ ደግሞ መልሱ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር።

ስለዚህ አድልዎ የሚጎዳው የተጠረጠረውን ብቻ አይደለም። መጀመሪያ እሱን ይጎዳል፤ ስልኩ ይጠለፋል፣ ስሙ ይጠፋል፣ ሰልፉ በወታደር ይከበባል። ቀጥሎ ግን ዘበኛውን ራሱን ያሳውረዋል። ዘበኛ ሁለት ዓይን ብቻ ነው ያለው፤ ወደ ተሳሳተው በር ባፈጠጠ ቁጥር ሌላው በር ክፍት ያድራል። በጃንዋሪ 6 ከተጎዱት 140 ያህል ፖሊሶች መካከል ነጮችም ነበሩበት። የአድልዎውን ዕዳ እነሱም ከፈሉ።

ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ዶናልድ ትራምፕ ሥልጣን በያዙ በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያ ጥቃት ጋር በተያያዘ ለተከሰሱና ለተፈረደባቸው 1 ሺህ 500 ያህል ሰዎች ምሕረት አደረጉ። ፖለቲካው የራሱን ፍርድ ይሰጣል፤ የኔ ጉዳይ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ በኋላ ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብሎ ማስጠንቀቂያ የሚጽፈው ወጣት ተንታኝ ነው። ማስረጃው አንድ ነገር ይለዋል፤ የአለቃው ፊት ሌላ ይለዋል። ሱሊቫን በሰባት ቀን የወሰኑትን እሱ በስንት ቀን ይወስን ይሆን?

ያን የኦገስት ረቡዕ ሳስብ ሁልጊዜ አብሮ የሚመጣብኝ የሴፕቴምበሩ እሑድ ነው። ሳንድዊች ለያዘ ሕዝብ 19 ሺህ ወታደር ቆመ። በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ነጭ ቀሚሳቸውን እያስተካከሉ ለነበሩት ልጆች ግን አንድም ዘብ አልቆመላቸውም።